ከአሸንዳው ጀምሮ፦ ከሊዝበን እስከ ቪየና የሰባት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ቀን 1፦ ሊዝበን

ያረጀ የሕንፃ ፊት የሚመረመረው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አሸንዳው፣ ቀጥሎ ከጣሪያው ሥር ያለው ጠርዝ፣ ከዚያ የመስኮቶቹ ደፍ፣ ጌጡ በመጨረሻ። ለዚህ ጉዞ የሚያዘው ዕቃ ትንሽ ነው፦ የርቀት መነጽር፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ መለኪያ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ። ባትሪው ለጨለማ አይደለም። ግድግዳው ላይ አስጠግተው ከጎን ሲያበሩት ያበጠ ልስን ጥላ ይጥላል፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሊዝበን መሃል በኖቬምበር 1 ቀን 1755 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የባይሻ ሰፈር ሕንፃዎች ፊት ጌጥ የሌለውና አንድ ወጥ ነበር። አዙሌዦ የሚባለው ባለ ሥዕል ሴራሚክም ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት የውስጥ ግድግዳ ማልበሻ ነበር። ወደ መንገድ ወጥቶ የተራ መኖሪያ ቤቶችን ፊት በብዛት ያለበሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ያንሸራትታል፣ በየጊዜው ቀለም አይጠይቅም። ከዚያ ዘመን በጣም የተዋበውን አንድ ፊት ማየት የፈለገ የ1864ቱን የፌሬይራ ዳስ ታቡሌታስን ቤት ይመልከት፤ ሥዕሎቹ ሆን ተብለው ቅርጻ ቅርጽ መስለው እንዲታዩ የተሣሉ ናቸው።

የዛሬው ዋና ትምህርት ግን ያለው በጎደለው ላይ ነው። ሴራሚክ የጎደለበት ቦታ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። የሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ ጥርት ባለ አራት ማዕዘን የጎደለ ከሆነ ሌባ ወስዶታል፤ አሮጌ ሴራሚክ ገበያ አለው። ከአሸንዳው ወይም ከቧንቧው መስመር ሥር፣ ወደ ታች እየሰፋ የረገፈ ከሆነ ውኃ ነው። ከመሬት እስከ አንድ ሜትር አካባቢ ባለ ቀበቶ መሳይ መስመር የሴራሚኩ መስታወታማ ልባስ የተላጠ ከሆነ ደግሞ ከመሠረቱ የሚወጣ እርጥበት ነው። አራተኛው ዓይነት በሕንፃው ጥግና በመስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ የተሰነጠቀ ነው፤ እዚያ ችግሩ የግድግዳው መንቀሳቀስ ስለሆነ ሴራሚክ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ሠራተኛ ከመጠራቱ በፊት እነዚህን አራቱን በየቀለማቸው በፎቶ ላይ ምልክት ማድረግ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም፤ ሆኖም ብዙ እድሳት የሚበላሸው ይህ ግማሽ ቀን ስለሚዘለል ነው።

ስርቆቱን በተመለከተ የፖርቱጋል የወንጀል ምርመራ ፖሊስ ሙዚየም በ2007 ኤስ ኦ ኤስ አዙሌዦ የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። የጠፉ ሴራሚኮችን ፎቶ ለሕዝብ ማውጣት ሌባውንም ሻጩንም ያስፈራል። በ2017 ደግሞ ሴራሚክ የለበሱ የሕንፃ ፊቶችን ማፍረስንና ሴራሚካቸውን መንቀልን የሚገድብ ሕግ በአገር ደረጃ ወጥቷል።

ቀን 2፦ ወደ ፖርቶ

ባቡሩ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። የፖርቶው የሳኦ ቤንቶ ጣቢያ አዳራሽ 20,000 ያህል ሴራሚክ ለብሷል፤ የዦርዥ ኮላሶ ሥራ ነው። ጣቢያው ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካውም፣ ስለዚህ ለንጽጽር ይጠቅማል። ከዚያ በእግር ወደ ካፔላ ዳስ አልማስ መሄድ ነው፤ የዚህች ትንሽ ጸሎት ቤት የውጭ ግድግዳ 15,947 ሴራሚክ ይዟል። ጎብኚ ሁሉ ከሰማያዊ ቀለሙ ተነሥቶ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ይመስለዋል፤ የ1929 ሥራ ነው። የድሮ መስሎ የተሠራ አዲስ ነገር ራሱ አርጅቶ ቅርስ ሆነ።

ፖርቶ ውቅያኖስ ዳር ናት፣ የዚህ አገር ሴራሚክ ዋና ጠላትም ጨው ነው። ምግብ ላይ የምንነሰንሰው ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ እርጥበት ስቦ ይሟሟል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ እንደገና ይረጋል። ባሕር ዳር ይህ በየቀኑ ሊደጋገም ይችላል፤ ሌሊት ይሟሟል፣ ከሰዓት በኋላ ይረጋል። በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የሚረጋው ጨው ቦታ ስለሚፈልግ ይገፋል። የሴራሚኩ ፊት መስታወታማ ልባስ ስላለው እርጥበቱ በዚያ በኩል መውጣት አይችልም፤ ጨዉ የሚጠራቀመው ከልባሱ ጀርባ ነው። ልባሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚረግፈው በዚህ የተነሣ ነው። ዝናብ ከፊት ስለመታው አይደለም። ስለዚህ ፊቱን በውኃ መከላከያ ፈሳሽ መቀባት የሚባለው መፍትሔ የቀረችውን መተንፈሻ፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለችውን የ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ፣ ይዘጋባታል። በዚህ ሥራ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ርካሽ መስሎ ውድ የሆነ የለም።

ቀን 3፦ ፖርቶ፣ ሴራሚክ መንቀልና መመለስ

የፖርቶ ማዘጋጃ ቤት የዕቃ ባንክ አለው፤ ባንኮ ደ ማቴሪያይስ ይባላል። ከሚፈርሱና ከሚታደሱ ቤቶች የተረፈውን ሴራሚክ፣ ብረታ ብረትና የልስን ጌጥ ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ የቤቱ ባለቤት ፊቱ ላይ የጎደለበትን ናሙና ይዞ ሲመጣ እዚያ ያለ ከሆነ በነጻ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ተቋም የሚሠራው ሴራሚኩ ተደጋጋሚ ንድፍ ስለሆነ ነው፤ በአንድ ዘመን አንድ ፋብሪካ ያወጣው ንድፍ አሥር ቤት ላይ ይገኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተለመደው ሴራሚክ 14 ሳንቲ ሜትር በ14 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ካሬ ሜትር 51 ያህል ይፈልጋል። 6 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ቁመት ያለው ፊት፣ በርና መስኮቱ ሲሶውን ከያዘ፣ 40 ካሬ ሜትር ይቀረዋል፤ 2,040 ሴራሚክ ማለት ነው። ሆኖም ሁሉም አይነቀልም። በጣት አንጓ እያንኳኩ መሄድ ነው፦ የተያያዘው ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው እንደ ቅል ይጮኻል። እያንኳኩ በጠመኔ ክብ ማድረግ። የሚነቀለው የሚጮኸው ብቻ ነው፤ ጠንክሮ የያዘውን ለአንድ ወጥነት ሲባል መንቀል መስበር ነው።

አነቃቀሉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ፊደል፣ እያንዳንዱ ዓምድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሐ-17 እንደማለት። ልባሱ የሚረግፍ ከሆነ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ ፓራሎይድ ቢ-72 በሚባል የአክሪሊክ ሙጫ ይለጠፋል፤ በአሴቶን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሟሟ ይበቃል፣ በኋላም በዚያው በአሴቶን ይነሣል። ከዚያ መጋጠሚያው በስስ የመጋዝ ምላጭ ይከፈታል። የሚጀመረው ከዳር ወይም አስቀድሞ ከተሰበረ ሴራሚክ ነው፤ መካከል ላይ ያለን ደህና ሴራሚክ መጀመሪያ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ይሰብረዋል። ጠፍጣፋ መሮ በጀርባው በኩል፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በእንጨት መዶሻ በትንሹ በትንሹ ይገባል። መሮው ወደ ሴራሚኩ ካዘነበለ ጥጉ ይነሣል። የቀድሞው ማጣበቂያ ኖራ ከሆነ አንዱ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። ከዚህ በፊት በሲሚንቶ የተለጠፈ ከሆነ ግን ሲሚንቶው ከሸክላው ስለሚጠነክር የሚሰበረው ሸክላው ነው፤ እንደዚህ ያለውን ከግድግዳው ቁራጭ ጋር አብሮ ቆርጦ ማውጣትና ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ በዝግታ ማሳነስ ይሻላል።

የወጣው ሴራሚክ ንጹሕ ውኃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ በጠርዙ ይቆማል፣ አይደራረብም። ውኃው በየሁለት ቀኑ ይለወጣል፤ ከመለወጡ በፊት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይነበባል። ጨው እየወጣ ሳለ ንባቡ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየወረደ ይመጣል፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከንጹሑ ውኃ ንባብ ብዙም ካልራቀ አልቋል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መለኪያው ርካሽ ስለሆነ በግምት መሥራት ምክንያት የለውም።

ሲመለስ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው፣ በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም። ሴራሚኩም ግድግዳውም አስቀድሞ ይረጥባል፤ ደረቅ ሸክላ የኖራውን ውኃ በቅጽበት መጦ ማጣበቂያውን ዱቄት ያደርገዋል። አዲስ የተሠራ ምትክ ከገባ ጀርባው ላይ ዓመቱ ይጻፋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነቅለው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ይወቅ።

ቀን 4፦ ብራስልስ

ግራንድ ፕላስን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል፤ አደባባዩ በኦገስት 1695 በፈረንሳይ ጦር መድፍ ተደብድቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና ተሠርቷል፣ በየጊዜውም ታድሷል። ብራስልስ ለዚህ ሥራ ሰው ይበልጥ የምታስተምረው ባፈረሰችው ነው። ቪክቶር ሆርታ የሠራው የሕዝብ ቤት፣ ሜዞን ዱ ፐፕል፣ በ1899 ተከፈተ፣ በ1965 ፈረሰ። ክፍሎቹ አንድ ቀን ይቆማሉ ተብሎ ተነቅለው ተቀመጡ፤ ግን ተበተኑ፣ ብረቱ ዛገ፣ የተወሰነውም ተወሰደ። ጥቂቱ ብረት በአንትወርፐን ካፌ ውስጥ ገብቷል። ቁጥር መስጠት ብቻ ማዳን አይደለም፦ ቁጥሩ በሥዕሉ፣ በዕቃውና በሣጥኑ ላይ፣ ሦስት ቦታ መኖር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃው መቼና የት እንደሚመለስ የተወሰነ መሆን አለበት። ተመላሽ ቦታ የሌለው ዕቃ የቆሻሻ ክምር የሚሆንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

በከተማው ሌላው የተለመደ ነገር ፊቱን አስቀርቶ ቤቱን ማፍረስ ነው። የድሮ ፊት ግድግዳ የሚቆመው የየፎቁ የእንጨት አግዳሚዎች ወደ ኋላ ስለያዙት ነው። ስለዚህ አንድ ወለል ከመነሣቱ በፊት የብረት መደገፊያው በሙሉ መቆምና ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት፤ ትንሽ ቆይቶ ማሰር የሚባል ነገር የለም። አዲሱ ሕንፃ የፎቅ ከፍታው ካልገጠመ ደግሞ የኮንክሪት ወለል በመስኮቱ ወገብ ላይ ያልፋል፤ መንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት ሲያዩ የወለሉ ጠርዝ ከታየ ይህ ሆኗል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የፖል ኮሺ ቤት፣ 1905። ፊቱ በስግራፊቶ፣ ማለትም ልስን እየፋቁ በሚወጣ ሥዕል ተሸፍኗል። በከተማ ጭስ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከእርጥበት ጋር ሆኖ የኖራውን ገጽ ወደ ጀሶ ይለውጠዋል፤ ጀሶው ጥላሸት ይዞ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ዝናብ በሚያጥበው ቦታ ቅርፊቱ የለም፣ ከጠርዝ ሥር በተጠለለው ይወፍራል። ይህ በውኃ ግፊት አይጠራም፤ ግፊቱ ቅርፊቱን ከነሥዕሉ ያነሣዋል። የሚሠራው በወረቀት ልቁጥ ላይ የተያዘ የአሞኒየም ካርቦኔት መጠቅለያ ነው፣ ከፕላስቲክ ሥር። መጀመሪያ ግን በማይታይ ጥግ የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ለ10፣ ለ20ና ለ30 ደቂቃ እየሞከሩ ማየት ነው፤ ጊዜውን ግድግዳው ይወስናል።

ቀን 5፦ ፕራግ

የስግራፊቶ አገር ይህ ነው። በህራድቻኒ አደባባይ ያለው ሽዋርዘንበርግ ቤተ መንግሥት ከ1545 እስከ 1567 ተሠራ፤ ፊቱ በሙሉ የሾለ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን አንድም ሹል የለውም፤ ጠፍጣፋ ልስን ላይ በብርሃንና በጥላ የተሠራ ሽንገላ ነው። ዛሬ የሚታየው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰፊው የታደሰው ነው። ይህን ሲሰሙ የሚያዝኑ አሉ፤ መታዘን የለበትም። የኖራ ልስን ሥራ ዕድሜው የሚረዝመው በመታደስ ነው።

አሠራሩ፦ ከግድግዳው ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሻካራ ልስን፣ ኖራ አንድ አሸዋ ሦስት። ከላዩ የተፈጨ ከሰል የገባበት ጥቁር ግራጫ ልስን፣ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር። ይህ ገና ሳይደርቅ በጣት ሲጫኑት ምልክት የሚቀበል፣ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ነጭ ኖራ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባል። ንድፉ በቀዳዳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት እየተነፋ ይተላለፋል፣ ከዚያ ነጩ ይፋቃል። በዚያው ቀን! ኖራው ካደረ የሚፋቀው ቦታ ጠርዙ ይፈረፈራል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥራ ስፋት አስቀድሞ ይለካል፤ የሚጀመረውም ከላይ ነው፣ የሚንጠባጠበው ያለቀውን እንዳያበላሽ። የተፋቀው ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን። ቀጥ ያለ ከሆነ ውኃ ይቀመጥበታል፣ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል።

አሮጌው ሲለቅ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በሚጮኸው ቦታ፣ ሥዕል በሌለበት ወይም በተሰነጠቀበት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ከታችና ከላይ ይከፈታሉ። አቧራው በቫክዩም ይሳባል፤ ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ይጨመራል፣ የውስጡን ገጽ ለማርጠብ። ቀጥሎ በደንብ የተነፋ የኖራ ፈሳሽ በሲሪንጅ ይገባል፣ ከታች ወደ ላይ፦ ከላይ ከተጀመረ አየሩ መውጫ አጥቶ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ከታችኛው ቀዳዳ የገባው ከላይኛው ብቅ ሲል የታችኛው ይደፈናል። ብዙ በአንድ ጊዜ መጨመር ክብደቱ ራሱ ልስኑን ገፍቶ እንዲጥለው ያደርጋል፤ ስለዚህ በስፖንጅ የተለበጠ እንጨት እየደገፉ በየተራ ነው። የጎደለው ክፍል ሲሞላ ከዙሪያው ጥቂት ደብዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ ከመንገድ ይገጥማል፣ ከስካፎልዲንግ ላይ ሲያዩት ይለያል።

ቀን 6፦ ቪየና

በባቡር አራት ሰዓት። ሪንግሽትራሰ፣ በ1857 የከተማው ቅጥር እንዲፈርስ ከታዘዘ በኋላ የተከፈተው ጎዳና፣ በድንጋይ የተሠራ ይመስላል። ብዙው የመኖሪያ ቤት ፊት ግን ጡብ ነው፣ ጌጡም የሮማን ሲሚንቶ። ስሙ ያሳስታል፤ ሮማውያን አያውቁትም። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓርከር በ1796 የባለቤትነት መብት ያወጣበት፣ ሸክላማ የኖራ ድንጋይ በመተኮስ የሚገኝ፣ ቡናማ ዱቄት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ለጌጥ መሥሪያ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ገጹ ላይ ሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ስንጥቅ አለ፤ ይህ ተፈጥሮው ነው፣ ጉዳት አይደለም። ስንጥቁን አይቶ በዘመናዊ ሲሚንቶ የሚለስን ሰው ደህናውን ያሳምመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል፦ ኮርኒስ ስንል የቤት ውስጥ ጣሪያ ማለታችን አይደለም፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣውን ባለ እርከን ጠርዝ ነው። ይህ በእጅ አይቀረጽም፣ ይጎተታል። የጠርዙ ቅርጽ በዚንክ ላሜራ ላይ ይቆረጣል፣ በእንጨት ላይ ይመታል፣ ግድግዳው ላይ በቱንቢና በውኃ ልክ በተመታ እንጨት ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ሻካራው፣ በመጨረሻ የተነፋው። የሮማን ሲሚንቶ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ከክብደቱ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ሲትሪክ አሲድ ማዘግየት ይችላል፤ አንዴ መጠንከር የጀመረውን ውኃ ጨምሮ ማለስለስ ግን አይቻልም፣ ይጣላል።

ቅጠልና ፊት ያላቸው ጌጦች በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ይወጣሉ። አንዱ ከጠፋ ከቀሩት ሁሉ የተሻለው ይመረጥና የቀለም ሽፋኖቹ ይነሣሉ፤ ስምንት ጊዜ ከተቀባ ጌጥ ላይ የተወሰደ ሞልድ የሚሰጠው የቀለሙን ቅርጽ ነው። ሲሊኮን በብሩሽ በሁለት ወይም ሦስት ዙር ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ከላዩ የጀሶ ቅርፊት። 10 ሊትር የሚሞላ ጌጥ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በሰው ራስ ላይ የሚንጠለጠል 20 ኪሎ። ስለዚህ ማጣበቂያ ብቻ አይበቃም። ድሮ በተራ ብረት ተመትቷል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጌጡን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ከጌጡ ላይ ቀይ ቡናማ እንባ ከወረደ ውስጡ ያለው ፒን እያበጠ ነው። አዲሱ ፒን የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ጥርስ ያለው፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር።

ቀን 7፦ ቪየና፣ ከመውረድ በፊት

ሊንከ ቪንሳይለ 40፣ ማዮሊካሃውስ የሚባለው የኦቶ ቫግነር መኖሪያ ሕንፃ ሥራ፣ ከ1898 እስከ 1899። አበባው ከታችኛው ፎቅ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ሥር ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሴራሚክ የራሱ የሥዕል ክፍል አለው። እዚህ የፖርቶው ባንክ አይረዳም፤ አንዱ ቢሰበር መንታ የለውም። እንዲህ ላለው ፊት ብቸኛው ዋስትና ሙሉው ፊት ከነልኬቱ በትክክል ፎቶ መነሣቱ ነው፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት።

ቀሪው ሰዓት ለላሜራ ነው። ከግድግዳ የሚወጣ ጠርዝ ሁሉ አናቱ በዚንክ ወይም በመዳብ መሸፈን አለበት፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ጫፉ ከግድግዳው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የወጣና ወደ ታች የታጠፈ። ይህች እጥፋት ከሌለች ጠብታው በላሜራው ሥር ተመልሶ ጌጡ ላይ ይወርዳል። ላሜራው በቀጥታ ጌጡ ላይ አይመታም፤ ፀሐይ ሲመታው ስለሚረዝም ጌጡን ይዞ ይጎትታል። መዳብና ዚንክ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ አይፈስስም፦ ከመዳብ የሚወርደው ውኃ ዚንኩን ይበሳዋል።

ስካፎልዲንጉ ከመነሣቱ በፊት፣ ላሜራውና አሸንዳው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሰው በጎማ ውኃ ከላይ ጀምሮ በየጠርዙ 15 ደቂቃ ያፈስሳል፤ ሌላው በባትሪ ከጠርዙ ሥር ያያል። ከእጥፋቱ ጫፍ በጠብታ መውረድ አለበት። በግድግዳው ላይ መስመር ሠርቶ ከወረደ ያ ላሜራ ይነሣል፣ እንደገና ይታጠፋል፣ ውኃው እንደገና ይፈስሳል።